አፍንጫ ሥር የቆመች ቡጢ

እኔን ቦክስ ያስተማረኝ ሰው የለም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ለጉራ አይደለም፤ እሺ፣ ትንሽ ለጉራም ነው። አባቴ ሶፋ ሠሪ ነው። ከሥራ የተራረፈውን ስፖንጅና ብጥስጣሽ ጨርቅ ጆንያ ውስጥ ጠቅጥቄ፣ ከጣሪያው ብረት ላይ አንጠልጥዬ፣ በስልክ ያየሁትን እየደጋገምኩ ብቻዬን ተማርኩ። አባዬ ከፊት ለፊት ለደንበኛ የጨርቅ ናሙና ሲያሳይ፣ እኔ ከኋላ ጆንያውን ስደበድብ፣ ደንበኞቹ እየደነገጡ ያ ድምፅ ምንድን ነው ይሉታል። እሱም ረጋ ብሎ፣ ልጄ ናት፣ ስፌት ስለማትወድ ነው ይላቸዋል።

ስለዚህ ማሠልጠኛው አዳራሽ የገባሁት ልማር ብዬ ሳይሆን ልታይ ብዬ ነው። የቦክሱ አሠልጣኝ፣ ሁላችንም ኮች የምንለው፣ በመጀመሪያው ቀን ጆንያ ስመታ አየኝና ማን እንዳሠለጠነኝ ጠየቀ። ማንም አልኩት። "ያስታውቃል" አለ። ሙገሳ ይሁን ስድብ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ከሶፋ ቤት እንደመጣሁ ሲሰማ ደግሞ ስፖንጅ ብሎ ስም አወጣልኝ፤ ስሙም እንደ ማስቲሽ ተጣብቆብኝ ቀረ።

አዳራሹ ድሮ መጋዘን ነበር። መሃሉን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የተወጠረ ሰማያዊ የሸራ መጋረጃ ይከፍለዋል። ከመጋረጃው ወዲህ ቦክስ ነው፦ ሲሚንቶ ወለል፣ የተንጠለጠሉ ጆንያዎች፣ በገመድ የታጠረ መድረክ፣ ከግድግዳው የማይለቅ የላብ ሽታ። ከመጋረጃው ወዲያ ካራቴ ነው፦ ጥርስ በጥርስ የተጋጠመ የላስቲክ ምንጣፍ፣ ባዶ ግድግዳ፣ ጸጥታ፣ በየመሃሉ አንድ ላይ የሚወጣ ጩኸት። መጋረጃው ሥር የጫማ መደርደሪያ አለ። ወዲያ የሚሻገር ጫማውን ያወልቃል፤ የካራቴው አስተማሪ፣ ማስተር፣ ምንጣፋቸውን በጫማ የረገጠውን ሰው ምንጣፉን በሙሉ በእርጥብ ጨርቅ ያስወለውሉታል። ወዲህ የሚመለስ ደግሞ ጫማውን ያጠልቃል፤ በባዶ እግሩ ሲሚንቶ የረገጠውን፣ ኮች "አልጋህ ወዴት ነው?" ብሎ በሰው ፊት ያዋርደዋል።

ሁለቱ አማቾች ናቸው። ኮች የማስተርን ታናሽ እህት ነው ያገባው። አንድ ቀን በቤተሰብ ምሳ ላይ፣ ቦክሰኛና ካራቴ የሚያውቅ ሰው ቢጋጠሙ ማን ያሸንፋል በሚል ጭቅጭቅ ሰሃን እስኪገለበጥ ደረሱ። እህትየው ዳግመኛ ይህን ነገር እንዳታነሡ ብላ አስማለቻቸው። ሌላ የሚያወሩት ነገር ስላልነበራቸው መነጋገር አቆሙ። ከዚያ ወዲህ መልእክት የሚመላለሰው በተማሪ አፍ ነው፤ በአብዛኛው በእኔ፤ ምክንያቱም ከሁለቱም ዘንድ የምማረው እኔ ብቻ ነኝ።

ኮች፣ ያ ባዶ እግሩን የሚሄደው ሰውዬ ጩኸቱን ይቀንስልኝ በይው ይለኛል። መጋረጃውን ገለጥ አድርጌ እነግራቸዋለሁ። ማስተር ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰሙኝና፣ ለአማቼ ሰላምታ አቅርቢልኝ፣ ጩኸት ሳይሆን ትንፋሽ ነው በይው ይላሉ። ሰላምታውን ብቻ አደርሳለሁ። እንዲህ እያልኩ ነው ሰላም ያቆየሁት፤ ማንም ያመሰገነኝ የለም እንጂ።

ከሁለቱም የምማረው ለምን እንደሆነ ሲጠይቁኝ፣ ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ሲሰበር በአንዱ ተንጠልጠል እላለሁ። የልቤን ከጠየቃችሁኝ ግን፣ ራሴን ያስተማርኩ ሰው ስለሆንኩ ለአንድ አስተማሪ ብቻ እጄን መስጠት አልወድም። ችግሩ አንዱ የሚለውን ሌላው ማፍረሱ ነው። ኮች አገጭሽን ደብቂ ይላል፤ ማስተር ቀና በይ ይላሉ። ኮች ተረከዝሽን አንሺ፤ ማስተር ተረከዝሽን ትከዪ። ኮች፣ ቡጢ የምትልኪው ከሰውየው ጀርባ ላለው ግድግዳ ነው፣ ፊቱ መንገድ ላይ ያጋጠመ ነገር ነው ይላል። ማስተር ደግሞ የገዛ አፍንጫቸውን አቅርበው፣ በሙሉ ኃይሌ ወርውሬ አንድ ጣት ሲቀረኝ እንዳቆም ያደርጉኛል። መምታትማ በሬም ይመታል ይላሉ፤ ማቆም ነው የሰው ሥራ። አንድ ጊዜ አፍንጫቸውን ነክቼ ምንጣፉን ስወለውል ዋልኩ። ከዚያ በኋላ ነክቻቸው አላውቅም።

የልምምድ ጓደኛዬ ጸጉር ሠሪ ናት። ስሟ ካስክ ነው፤ ጸጉር ማድረቂያው ካስክ ሥር እንደተቀመጠ ሰው ጆሮሽ እስኪግል ድረስ ነው የምታወራሽ። የምትማረው ቦክስ ብቻ ነው። መጋረጃውን ተሻግሬ ስመለስ ባየችኝ ቁጥር፣ በሁለት ቢላዋ የሚበላ አፉን ይቆርጣል ትለኛለች። እኔም የአንቺ አፍ ቢቆረጥ ነው ሰፈሩ የሚያርፈው እላታለሁ። እንዲህ ነው የምንዋደደው።

አንድ ቀን ኮች የከተማው የሴቶች ቡድን ከእኛ አዳራሽ በእኛ ኪሎ አንዲት ልጅ እንደሚፈልግ ነገረን። በኪሎው ያለነው ሁለት ነን፦ እኔና ካስክ።

ለእሷ ክብር ነው። ለእኔ ከዚያም በላይ ነበር። አባዬ ከሰዓት በኋላ ሥራ ጥዬ መሄዴን የታገሠው በአንድ ቃል ነው። ማሽኑ ፊት ተቀምጦ፣ ክሩን በመርፌው ቀዳዳ እያሾለከ፣ ቀና ሳይል እንዲህ ብሎኛል፦ "እስከ ምርጫው ድረስ ሂጂ። ከተመረጥሽ እሰየው። ካልተመረጥሽ ይቺ ማሽን ላይ ትቀመጫለሽ፤ ጠዋትም ከሰዓትም። እኔ ዓይኔ ደክሟል፣ ልጄ።" የሚያስፈራራ አባት ቢሆን እከራከረው ነበር። ዓይኑ ደክሟል ሲል ግን እውነቱን ነው።

የምርጫው ቀን ዘነበ። የአዳራሹ ቆርቆሮ የሚያፈስበት ቦታ ብዙ ነው፤ ያን ቀን ግን ቀዳዳዎቹ የተመካከሩ ይመስል ውሃው ሁሉ መድረኩ ላይ ወረደ። መራጯ ፊሽካ ከአንገቷ የማይለይ አጭር ሴትዮ ናት። የመድረኩን ሸራ በጫማዋ ጫፍ ነካ አደረገችና፣ እዚህ ላይ ማንንም አላጋጥምም፣ ወይ ደረቅ ቦታ ፈልጉ ወይ ልሂድ አለች።

ደረቅ ቦታ ያለው ከመጋረጃው ወዲያ ብቻ ነው። ኮች መጋረጃውን አየ፤ ከዚያ እኔን አየ። ለግጥሚያ ጓንት ያጠለቅኩ ሰው፣ መልእክተኛ ሆኜ ተላክሁ። ምንጣፉን ለጥቂት ጊዜ ያውሰኝ በይው አለኝ። ሄድኩ። ማስተር፣ በደስታ፣ ግን ጫማ የለም አሉ። ተመለስኩ። ቦክስ በጫማ ነው በይው። ሄድኩ። ምንጣፍ በባዶ እግር ነው በይው። መራጯ ሰዓቷን አየችና፣ ሁለቱም ካወለቁ እኩል ናቸው፣ ጀምሩ ብላ ነገሩን ቆረጠችው።

አወለቅን። ጫማችንን መደርደሪያው ላይ ጎን ለጎን አስቀመጥን። ማንም ምንም አልጠረጠረም፤ እኔም። ጫማ ማውለቅ ነው፤ ምን አለው።

አባዬ ሱሪው ላይ የክር ቁርጥራጭ እንደተለጠፈበት መጥቶ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። ፊሽካው ተነፋ።

ካስክ የቆየ አመል አላት፦ ቀኟን ልትወረውር ስትል ግራዋ እንደ ደከመው ሠራተኛ ዝቅ ይላል። ይህን ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ። ለዚህ ቀን ብዬ ለራሷም ሳልነግራት አስቀምጬዋለሁ። ብዙም አልቆየ፣ ግራዋ ወረደ። ቀኜ ወጣ። ዳሌዬ ዞረ፣ ትከሻዬ ተከተለ፣ ክንዴ ተዘረጋ፤ ሁሉም በልኩ። ቡጢዬ አፍንጫዋ ሥር ደረሰችና ቆመች።

አላቆምኳትም። ይህን ልብ በሉልኝ። አንድ ሰው በር ሲዘጋና በር ራሱ ሲዘጋ ልዩነት አለው። ይሄ ራሱ የተዘጋ በር ነው።

ካስክ ዓይኗን ጨፍና ጠበቀች። ምንም ሳይነካት ሲቀር አንዱን ዓይኗን ከፈተች። አፍንጫዋ ሥር የቆመውን ጓንቴን አየች፤ እኔም አየሁት። ሁለታችንም የማናውቀው እንግዳ የመጣብን ያህል ተያየን። ከዚያ ጆሮዬ ላይ አቀመሰችኝ።

ኮች "ምቺ!" አለ። እኔስ ምን እያደረግኩ ነው? ደግሜ ላክሁ። ቆመች። ግራዬን ላክሁ። ቆመች። ሆዷ ላይ ላክሁ፤ ከካናቴራዋ አንድ ጣት ሲቀራት ቆመች። የምትልከውን ሁሉ ማለት ይቻላል አመልጣለሁ፣ ጥግ ጥጉን አስይዛታለሁ፣ በሩን ሁሉ ከፍቼ ደጃፉ ላይ እደርሳለሁ፣ አልገባም። ኮች ግራ! ግራ! ይላል፤ ግራ የገባኝ እኔ። እጄን እንደ ሰው እጅ ታዘብኩት። ፈርቼ ነው? አልፈራሁም፤ ፍርሃትን አውቀዋለሁ፣ ጉልበት ላይ ነው የሚጀምረው፣ ጉልበቴ ደህና ነው። አዝኜላት ነው? ጆሮዬ እየጮኸ ለማን አዝናለሁ? በመጨረሻው ዙር ጥርሴን ነክሼ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ወረወርኩ። ዓይኔን ስከፍት ቡጢዬ ከቅንድቧ ፊት ቆማለች፤ ካስክም መምታቷን ትታ እጇን አውርዳ ታየኛለች። ፊሽካው ሲነፋ ሁለታችንም ቆመን ነበር።

መራጯ ለኮች የተናገረችውን ሰምቻለሁ። "ያየሁትን አላውቅም" አለችው። "አንደኛዋ ትመታለች አትችልም፤ ሌላኛዋ ትችላለች አትመታም። አንተ የምታውቃቸው ነህ፤ ቅዳሜ አንድ ስም ላክልኝ።" ጃንጥላዋን ዘርግታ ሄደች።

ከዚያ በኋላ ሁሉም አወቀልኝ፤ እኔ ብቻ አላወቅኩም። ኮች በእንግዳ ፊት አላገጥሽብኝ አለ። የማስተር ዓይን እንባ አቅርሯል፤ በሕይወቴ እንዲህ ያለ መቆጣጠር አላየሁም፣ ልጄ፣ ብለው አጎነበሱልኝ። እኔ ሰው በቀላሉ የማያመሰግነኝ ሰው ነኝ፤ ሲያመሰግነኝ ደግሞ አልጠግብም። ያን ቀን ግን ምስጋናው የሌላ ሰው ልብስ ሆነብኝ፤ ያላደረግኩትን እንዴት ልልበሰው? አባዬ በመንገድ ላይ አሞኝ እንደሆነ ጠየቀኝ። አይ አልኩት። እና አሸነፍሽ ወይስ ተሸነፍሽ አለኝ። አላውቅም አልኩት። ካስክ ግን አንድ ቃል ሳትተነፍስ ጫማዋን ይዛ ወጣች። ካስክ ዝም አለች ማለት ነገሩ ከባድ ነው ማለት ነው።

በማግስቱ የአባዬ ጆንያ ፊት ቆምኩና ወረወርኩ። ጆንያው ጣሪያ ሊነካ ደረሰ። ደገምኩ፤ አቧራው ቦነነ። እጄ ጤነኛ ነው። ታዲያ ሰው ፊት ሲደርስ ምን ይሆናል? ቀኑን ሙሉ ከራሴ ጋር ስጣላ ዋልኩ። ያስተማረኝ ሰው የለም ብዬ የምኮራበት እጅ፣ ለእኔም የማይታዘዝ ሆኖ ሲገኝ ማንን ልውቀስ?

ሐሙስ ካስክ ሶፋ ቤት መጣች። እኔ ለትልቅ ሶፋ የሚሆን የተልባ አበባ የመሰለ ቀላል ሰማያዊ ጨርቅ ወለል ላይ ዘርግቼ፣ ጫማዬን አውልቄ ጨርቁ ላይ ተንበርክኬ፣ በጠመኔ መቁረጫውን እያሰመርኩ ነበር። ሰላም አላለችም።

"ምረሽኝ ነው አይደል?" አለች።

"ማንን?"

"እኔን! ኮች ስምሽን እልካለሁ ብሎኛል። ደስ ሊለኝ ነበር። ጸጉር ቤት ያሉት ሁሉ እንኳን ደስ ያለሽ ይሉኛል፤ እኔ የማየው አፍንጫዬ ሥር የቆመውን ጓንትሽን ነው። የምስኪን እድል ሰጥተሽኝ ከሆነ አልፈልገውም፣ እሺ? እኔ የማንንም ምሕረት ተሸክሜ የትም አልሄድም።"

አልማርኩሽም አልኳት። ታዲያ ለምን አልመታሽኝም አለች። አላውቅም አልኳት። አላውቅም የሚባል መልስ የለም፣ አሁን ምቺኝ አለችና ጫማዋን አሽቀንጥራ ጨርቁ ላይ ወጣች። እብደት ነው አልኳት። አሮጌ ጓንቶቼን ከግድግዳው አውርዳ ወረወረችልኝ። አጠለቅኩ፤ ማወቅ እኔም እፈልጋለሁና። ካስክ እጇን ወደ ኋላ አጣምራ አፍንጫዋን አቀረበች። ወረወርኩ። ቆመች። ደግሜ ወረወርኩ፤ ቆመች። ላብ አጠመቀኝ።

አሁንም እያዘነችልኝ ነው ብላ ለጆንያው ከሰሰችኝ።

ይሄኔ አባዬ ከፊት ለፊት ማስቲሽ አምጪ ብሎ ተጣራ። እግሬን ጫማዬ ውስጥ ሰካ ሰካ አድርጌ፣ ጓንቱን ለማውለቅም ሳይመቸኝ፣ ቆርቆሮውን በሁለት ጓንት መሃል አቅፌ ወሰድኩለት። ጓንቶቼን አይቶ ቆርቆሮውን ተቀበለኝ። ስመለስ ካስክ ከጨርቁ ወርዳ ጫማዋን እያጠለቀች ነው። ለኮች ልጅቷ ፈሪ ናት ብዬ እነግረዋለሁ፣ ከማዘንሽ መፍራትሽ ይሻላል፣ ቢያንስ ክብሬ ይጠበቃል አለች።

"ማን ናት ፈሪ?"

"አንቺ። ስፖንጅ። ሲጫኑሽ የምትገቢ፣ ሲለቁሽ ተመልሰሽ የምትወጪ..."

ዓረፍተ ነገሯ አላለቀም። ቡጢዬ ስትደርስ እኔም ሰማኋት፤ ቆዳ አፍንጫ ሲያገኝ የሚያሰማው አጭር ድምፅ አለ። ካስክ ወደ ኋላ ሄዳ ያልተሸፈነ የሶፋ አጥንት ላይ ዘፍ አለች። ከአፍንጫዋ ደም ወረደ፤ ጠብ ያለው ደግሞ ጨርቁ ጫፍ ላይ ነው።

እሷ አፍንጫዋን ያዘች፣ እኔ ጓንቴን አየሁ። ይቅርታ ልላት አፌን ከፈትኩ፤ ግን የተናገርኩት "ገባች" የሚል ነበር። ካስክም ደሟን በመዳፏ ይዛ "ገባች" አለች፤ ድምጿ በአፍንጫዋ ተደፍኗል። ከዚያ ዓይኗ ከጓንቴ ተነሥቶ ቀስ እያለ ወረደ፤ እግሬ ላይ ቆመ።

"ጫማሽ" አለች።

"ጫማዬ ምን ሆነ?"

"አውልቂው።"

አወለቅኩ። ከሶፋው አጥንት ተነሥታ አፍንጫዋን በራሷ እጅ ሸፍና ቆመች። ወረወርኩ። ቆመች። ሲሚንቶው ላይ ቆሜ ሞከርኩ፤ ባዶ እግሬን እስከሆንኩ ድረስ አንድ ጣት ሲቀራት ትቆማለች። ጫማዬን አጠለቅኩና ዞርኩ። ካስክ ሁለት እጇን ዘርግታ ወደ ግድግዳው ሸሸች፤ አይ፣ አይ፣ አምኛለሁ አለች።

እንደዚያ ሆነ ነገሩ። ለካስ ሰውነቴ መጋረጃ ተጋርዶበታል። ጫማ ካለ ወዲህ ነኝ፣ እመታለሁ፤ ጫማ ከሌለ ወዲያ ነኝ፣ አቆማለሁ። ማስተር ምንጣፉን ያስወለወሉኝ ቀን እግሬ የተማረውን እኔ አልሰማሁም። እፎይ ማለት ነበረብኝ። ግን አሰብኩና ባሰብኝ፦ ስመታ የሚመታው ጫማው ከሆነ፣ ሳቆም የሚያቆመው ባዶው እግር ከሆነ፣ እኔ የቱ ጋ ነኝ?

አባዬ በድምፁ ተስቦ መጣ። መጀመሪያ ጨርቁን አየ፣ ቀጥሎ አፍንጫውን። "ቀዝቃዛ ውሃ" አለ። "ለጨርቁም፣ ለልጅቷም።"

ካስክ እርጥብ ጨርቅ ፊቷ ላይ ደፍታ ሶፋው አጥንት ላይ ተጋድማ ጣሪያውን እያየች ብዙ አሰበች። ዝም ብትል ስሟ ቅዳሜ ይላካል። የሚያውቀው እኛ ሁለታችን ብቻ ነን፤ እኔ ደግሞ ያልመታሁት ጫማዬን ስላወለቅኩ ነው ብዬ ለኮች ብነግረው ያባርረኛል። ይህን ሁሉ ለራሷ ነገረችኝ፤ ድምጿን እያሰማች ነው የምታስበው። ዝም ማለት እችል ነበር አለች በመጨረሻ፤ አፌ ነው የማይችለው።

በማግስቱ ኮች የካስክን አፍንጫ ሲያይ ማን ነው አለ። በር ነው ልትል ትችል ነበር። በጣቷ እኔን አሳየች፤ ከዚያ የኔን ጫማ አሳየች፤ ከዚያ ሁሉንም ነገረችው፤ ስትነግር ደግሞ እኔ ያልነበርኩበትን ጭምር አስፍታ ነው። ኮች ሰማ። ፊቱ ቀላ፣ ጠቆረ። መጋረጃው ድረስ ሄደ። መልእክት ሊሰጠኝ ነው ብዬ ተጠጋሁ፤ አላየኝም። ሸራውን በሁለት እጁ ገለጠው።

"ጋሼ" አለ። አዳራሹ ሁሉ ቆመ። "የልጅቷን እጅ አሰርክብኝ።"

ማስተር ቀስ ብለው ዞሩ። "አሰርኩ? አንተ ጫማ ካላደረገች የማይሠራ እጅ ሰጥተሃት?"

"ለቦክሰኛ ቡጢ ማቆም እንድታስተምር ማን ላከህ?"

"እኔ እሷ እንድታቆም ነው ያስተማርኩት፤ እግሯ እንዲያቆምላት አይደለም። ያን ቀን ማጎንበሴንም መልሼ ወስጃለሁ።" ከዚያ ማስተር፣ ፈገግታ የማያውቁት ማስተር፣ ከከንፈራቸው ጥግ ትንሽ ነገር አሳዩ። "ግን ልብ በል፣ አማቼ። ቦክስና ካራቴ እጇ ውስጥ ተጋጥመዋል። ማን አሸነፈ?"

እህትየው ብትሰማ ሁለቱንም ከቤት ታስወጣቸዋለች። እኔ መሃል ቆሜ ለአንደኛቸውም ቃል አላቀብልም፤ ሥራ እንደፈታሁ ገባኝ። የተናደድኩት ግን በሌላ ነው፦ እነሱ የሚጋጠሙበት ሜዳ እኔ ነኝ ማለት ነው? አንድ ሰው እንኳ አንቺስ ምን ትያለሽ ያለኝ የለም። ስለዚህ ራሴ አልኩት። ድጋሚ አጋጥሙን፤ መድረኩ ደርቋል፤ በጫማ።

ካስክ ከእኔ ቀድማ ጓንት አነሣች። አባዬም ያን ቀን ከእኔ ጋር መጥቶ አግዳሚው ላይ ነበረ፤ ጨርቁን ያበላሸው ነገር ምን እንደሆነ በዓይኔ ልይ ብሎ ነው የመጣው። ማስተርም መጋረጃው ሥር ጫማ ተውሰው ወዲህ ተሻገሩ፤ በጫማ አይተናቸው ስለማናውቅ ሁላችንም ሌላ ሰው መሰሉን።

ቡጢዬ ገባች። ይህን ማንም አይወስድብኝም። በመጀመሪያው ዙር ካስክን ገመዱ ላይ አስደግፌ ግድግዳው የት እንዳለ አሳየኋት። ሆኖም አንድ መጥፎ ነገር ጀመረኝ፦ በወረወርኩ ቁጥር እግሬን አያለሁ። ጫማው አለ? አለ። አሁንስ? አለ። ለካ ምክንያቱን ማወቅ ራሱ ሌላ በሽታ ነው። ካስክ ሞኝ አይደለችም፤ ዓይኔ ሲወርድ ጠብቃ ትገባለች፣ ግራዋንም፣ የቆየ ሚስጥሬን፣ ያን ቀን አንድ ጊዜም አላወረደችም። ምናልባት ያን ሐሙስ አፍንጫዋ ያስተማራት ነገር አለ። ኮች በመጨረሻ የእሷን እጅ አነሣ። ለጥቂት ነው የበለጠችኝ። እሷ ለጥቂት አይደለም ትላለች።

ጓንት ለጓንት ተነካካን። "አሁን የኔ ነው" አለችኝ በጆሮዬ፤ ያበጠ አፍንጫዋ ሥር ጥርሶቿ በሙሉ ይታያሉ። እውነቷን ነው፤ የእሷ ነው። የማይመርር መስሏችሁ እንዳይሆን፣ መረረኝ፤ ግን ምን እንደመረረኝ አውቄ የመረረኝ የመጀመሪያው ነገር ነው።

ከአባዬ ጋር ወደ ሶፋ ቤት ስንመለስ ሰማዩ ጥርት ብሏል። ቀድሜ ለመናገር ብዬ፣ ነገ ጠዋት ማሽኑን እኔ እይዘዋለሁ፣ ከሰዓትም አልኩት። ቃል ቃል ነው። እሱ እጁን ከኋላው አጣምሮ ብዙ ሄደ።

"ዛሬ እሷ አሸነፈች" አለ።

"አዎ።"

"ያኔ በዝናቡስ?"

"አላውቅም፣ አባዬ።"

"ሶፋ ቤትስ፣ ጨርቁ ላይ?"

"ያ ግጥሚያ አይደለም።"

"ደም ወጥቷልኮ።" ቆመ፤ አሁንም ሱሪው ላይ ክር ተለጥፎበታል። "እኔ ሶፋ ሠሪ ነኝ። ሶፋ ሲያልቅ እቀመጥበትና አለቀ እላለሁ። ይሄ የናንተ ነገር የቱ ጋ እንደሚቀመጡበት እንኳ አይታወቅም። እስከ ምርጫው ብዬሽ ነበር፤ ምርጫው የቱ እንደነበር ግን አልገባኝም።" እንደገና መራመድ ጀመረ። "እስኪገባኝ ድረስ ከሰዓት ከሰዓት ሂጂ። ጠዋት ግን ማሽኑን ትይዢልኛለሽ፤ ዓይኔ ነው።"

እሺ አልኩ። ቶሎ እንዲገባውም አላስረዳሁት።

በማግስቱ ከምሳ በኋላ መጋረጃው ሥር ደረስኩ። ከወዲያ ማስተር ከመጀመሪያው ነው የምንጀምረው፣ አንቺ ነሽ የምታቆሚው፣ እግርሽ አይደለም አሉኝ። ከወዲህ ኮች ጆንያውን ይዞ ይጠብቀኛል። መደርደሪያው ላይ ተቀምጬ አንዱን ጫማዬን አወለቅኩና ሌላውን ይዤ ቆየሁ። አንደኛው እግሬ ይቀዘቅዘዋል፣ ሌላው ይሞቀዋል።

"ስፖንጅ፣ ገብተሻል ወይስ ወጥተሻል?" አለ ኮች።

"ቆይ" አልኩት።